የግሸን ዳገትና የፒክአፕ ገበያ፤ አየር ጨምቆ የሚጎርስ ሞተር ያዋጣል?

መስቀል አልፎ መስከረም 21 ሲቃረብ ደሴ ላይ የአንድ ሸቀጥ ዋጋ ይሰቀላል። ሸቀጡ በግ ወይም ቅቤ አይደለም፤ ዳገት የሚወጣ መኪና ነው። ለግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል ከየአቅጣጫው የሚጎርፈውን ምዕመን አውቶቡሱ፣ አይሱዙውና ሚኒባሱ እየተቀባበሉ ወደ አምባው ያደርሱታል። ከሁሉም ተፈላጊው ግን ደብል ጋቢና ፒክአፕ ነው። ስንቅ፣ ውኃ፣ ጀነሬተርና ድንኳን ጭኖ ይወጣል፤ የተበላሸ መኪና ካጋጠመውም ጎትቶ ይመለሳል። በዚያች ሳምንት ጉልበተኛ ፒክአፕ ያለው ሰው ዋጋ ተቀባይ ሳይሆን ዋጋ ተናጋሪ ነው።

በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ገበያ ይከፈታል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ የፈላበት፣ ጥቁር ጭስ የተፋበት ወይም በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት የዋለበት ባለመኪና ወደ ጋራዥ ጎራ ይልና “ጉልበት ጨምሩልኝ” ይላል። ይህ ጸሐፊም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ የቤንዚን ፒክአፕ ወደ ግሸን ሲጓዝ መንገድ ዳር ቆሞ ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ሁለት ሰዓት ጠብቋል። ባለመኪናው ያን ዕለት ያጣው ሁለት ሰዓት ብቻ አልነበረም፤ የመልሱን ጭነትም ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል።

ታዲያ ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት፣ ግን ደግሞ መንገድ ላይ የማይጥል ሞተር መሥራት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ያዋጣል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው። ገንዘቡን መኪና ላይ ለማዋል የሚያስብ አንባቢ ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ቢያያቸው ይጠቀማል።

ተራራው የሚያስከፍለው ቀረጥ

ሞተር ነዳጅ ብቻ አይበላም፤ አየርም ይበላል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1,013 ሚሊባር ያህል ነው። ደሴ ባለችበት 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደ 747 ሚሊባር ይወርዳል። 3,000 ሜትር ላይ፣ ማለትም በግሸን አምባ ከፍታ ገደማ፣ 701 ሚሊባር ይሆናል። ይህም ማለት ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ሳስቷል ማለት ነው። አየር በራሱ የሚስብ፣ በፋብሪካ ወረቀቱ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር አምባው ሥር ሲደርስ 70 ያህል ብቻ ይዞ ይወጣል።

ይህን እንደ ቀረጥ ማየት ይቻላል። ደረሰኝ የለውም፤ ባለመኪናው ግን ከኩታበር ማዶ በሚቀይረው ማርሽ ቁጥር ይከፍለዋል። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ፖምፓው የሚረጨው ናፍጣ ለቆላ አየር የተለካ ከሆነ ደጋ ላይ አየሩ ለነዳጁ አይበቃም፤ ትርፉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ የተከፈለበት ናፍጣ ነው።

ቀረጡን የማስመለሻው ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በካሚዮን ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ተራራው 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ሞተሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። አየር የሚጨምቀው መሣሪያ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ተራራው የወሰደው ሁሉ ተመለሰ ማለት ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች

አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ በሁለት ይከፈላል። ቱርቦ የሚዞረው በሞተሩ ጭስ ነው፤ ወደ ውጭ ሊባክን የነበረውን ጉልበት መልሶ ይጠቀምበታል። ሱፐርቻርጀር የሚዞረው ግን ከሞተሩ ፊት ባለው ቺንጋ ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ጉልበት ላይ የራሱን ድርሻ ቀድሞ ያነሳል፤ በምትኩ መሪው ነዳጅ እንደረገጠ ሳይዘገይ መልስ ይሰጣል። ጭነት ይዞ ከቆመበት ዳገት ላይ ለሚነሳ መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልዩነቱ በከፍታ ላይ ይበልጥ ይታያል። ቱርቦ ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ፍጥነቱን ጨምሮ፣ እስከ አቅሙ ወሰን ድረስ፣ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። ሱፐርቻርጀር ግን በፑሊው መጠን የታሰረ ነው፤ የሚያበዛው የተሰጠውን አየር ብቻ ነው። የሚያበዛው በአንድ ተኩል እጥፍ ነው እንበል። ባሕር ጠለል ላይ ግማሽ ባር ያህል ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ግሸን ላይ ግን 701 ሚሊባሩን ወደ 1,050 ያደርሰዋል፤ ይህም ያለ ሱፐርቻርጀር በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግፊት ብዙም አይለይም። እዚያ ገንዘቡ የገዛው የስፖርት መኪና አይደለም፤ ተራራው የወሰደውን ማስመለስ ነው።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። የተጨመቀ አየር ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል። ተራ ብቃት ያለው መሣሪያ 17 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረውን አየር ወደ 77 ዲግሪ ያደርሰዋል። በዚህ ስሌት ያለ ማቀዝቀዣ ግሸን ላይ የሚመለሰው የባሕር ጠለሉ አየር 87 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ኢንተርኩለር ተገጥሞ አየሩ ወደ 37 ዲግሪ ቢመለስ ግን ወደ 98 በመቶ ይጠጋል፤ ከዚህ ላይ ሱፐርቻርጀሩ ለራሱ የሚወስደው ጉልበት ይቀነሳል። ኢንተርኩለሩን ትቶ ሱፐርቻርጀር ብቻ የሚገዛ ሰው ግማሽ ሸቀጥ በሙሉ ዋጋ ገዝቷል ማለት ይቻላል።

ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ?

ፎርድ ከ1999 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ባመረተው ኤፍ-150 ላይትኒንግ ፒክአፕ ላይ 5.4 ሊትር ሞተር ከሱፐርቻርጀር ጋር ገጥሞ መጀመሪያ 360፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ 380 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ሞተሩ ውስጥ ያለውን የመጨመቅ መጠን ግን ወደ 8.4 አወረደው፤ ኢንተርኩለርም ጨመረለት። ወደ እኛ ገበያ የሚቀርበው ምሳሌ የቶዮታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ቲአርዲ የተባለ ሃይሉክስ ቀረበ። 4 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ከ175 ወደ 225 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ወደ 300 የፈረስ ጉልበት ገደማ አደገ። ጭማሪው 29 በመቶ ያህል ነው። ፋብሪካው መሐንዲስ፣ ቤተ ሙከራና ገንዘብ ሳያንሰው ከዚህ በላይ አልዘለለም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ2009 ከገበያ ወጣ።

ነጋዴ ከዚህ ሁለት ትምህርት ይወስዳል። አንደኛ፣ አስተማማኝ ጭማሪ መጠነኛ ጭማሪ ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩ ሞተር መሥራትና ገበያ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሞተሩ እንዴት ይሠራ?

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ይላል የአገራችን ሰው። ባረጀ ሞተር ላይ በአንድ ቀን የተቸነከረ ሱፐርቻርጀርም ዕጣው ይኸው ነው። ሥራው ተራ አለው።

መጀመሪያ ምርመራ ይደረጋል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ግፊት ይለካል፤ የዘይት ግፊት ይታያል። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ አየር መጨመር እሳት ላይ ጭድ መጨመር ነው፤ ቀድሞ መውረድና መታደስ አለበት።

ቀጥሎ የሞተሩ ሆድ ነው። ፒስተኑ በቀላጭ የተፈሰሰ ሳይሆን ተቀጥቅጦ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። የፋሻው ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ይላል፤ ምክንያቱም ሙቀት ሲጨምር ፋሻው ይረዝማል፣ ጫፍና ጫፉ ከተጋጨ ፒስተኑን ይሰብራል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ የመጨመቅ መጠኑ ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልሆነ ነዳጁ ከጊዜው በፊት እየፈነዳ ሞተሩን በመዶሻ የመምታት ያህል ይቀጠቅጠዋል። በማደያዎቻችን የኦክቴን ምርጫ ስለማይቀርብ ይህን ጉድለት በተሻለ ቤንዚን ማካካስ አይቻልም። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ገብቶ ይስተካከላል፤ በብረት ድርብርብ የተሠራ ጓርኒሲዮንና ጠንካራ ብሎኖች ያስፈልጉታል።

ከዚያ ነዳጁና ኮምፒውተሩ ይመጣሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ተጨምሮለት ነዳጅ ካነሰው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ኢንጀክተሩና ፓምፑ አብረው ማደግ አለባቸው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር ግን የተገላቢጦሽ ነው። መጠነኛ አየር ጨምሮ ነዳጁን እንዳለ መተው ጭሱን ያጠራል፣ የጭሱንም ሙቀት ይቀንሳል። ናፍጣ ላይ ሞተር የሚገድለው ደንበኛው “ትንሽ ጨምርበት” እያለ ፖምፓውን ማስከፈቱ ነው።

ማስተካከያውም ደጋ ላይ ብቻ ሊለካ አይገባም። ደሴ ላይ ጸጥ ብሎ የሚሄደው ያው መኪና ነገ ኮምቦልቻና ባቲን አልፎ ሚሌ ይወርዳል። 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያው አንድ ተኩል እጥፍ የሚያበዛው ሱፐርቻርጀር ከ1,400 ሚሊባር በላይ ያስገባል፤ ሙቀቱም የአፋር ነው። ለግሸን ብቻ የተለካ ሞተር ሚሌ ላይ ሊሞት ይችላል።

የሃምሳ ሳንቲሙ ዕቃ

ሱፐርቻርጀር ከመግዛቱ በፊት ማንም ባለመኪና የራዲያተሩን ክዳን ይመልከት። 3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። መሀል ቆሞ የሚጠብቀው ግፊት የሚይዘው ክዳን ብቻ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ግሸን ላይ የመፍያውን ነጥብ ወደ 113 ዲግሪ ያነሳዋል። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን ግን ምንም አይዝም፤ ዳገቱ ላይ ውኃው ይንተከተካል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ክዳን ውዱን ዕቃ ይዞት ይሄዳል። ዳገት ላይ “ጉልበት አነሰው” ከሚባሉት መኪኖች ስንቶቹ ማቀዝቀዣቸው የተዘጋ፣ የአየር ማጣሪያቸው በአቧራ የታፈነ ወይም ፍሪሲዮናቸው የሚንሸራተት እንደሆነ ሳይታይ ሞተር መክፈት ገንዘብ መበተን ነው።

ገበያው ወዴት ነው?

የፒክአፕ ባለቤቶች አሮጌውን ለማደስ ለምን እንደሚያዘነብሉ ለመረዳት ያለፉትን ዓመታት ማየት ይበቃል። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲከፈት በ57 ብር ይሸጥ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በ74 ብር ገደማ ዋለ፤ ሳምንታት ሳይቆይም መቶ አለፈ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ቆይቷል። አዲስ መኪና ሲርቅ አሮጌው ዋጋውን ይይዛል፤ ሱማሌ ተራ ላይም ግማሽ ሞተርና ሙሉ ሞተር ፈላጊው ይበዛል።

ነገር ግን ሱፐርቻርጀር በዚህ ገበያ እንግዳ ዕቃ ነው። ጠፍጣፋውን እውነት ለመናገር፣ በአገራችን መንገድ ላይ ጨምቆ የሚጎርሰው አስተማማኝ ሞተር ቀድሞ በፋብሪካ ተሠርቶ ገብቷል፤ እሱም የሃይሉክሱ ቱርቦ ናፍጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጣው 2.8 ሊትሩ 204 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። መለዋወጫው ይታወቃል፤ መካኒኩም ያውቀዋል፤ ገዢም አያጣም። በሱፐርቻርጀር የተቀየረ የቤንዚን ፒክአፕ ግን ቺንጋው ቢበጠስ ዕቃው ከውጭ ይጠበቃል፤ ሲሸጥም ገዢው ይፈራዋል። ይህ ፍርሃት በገበያ ላይ ዋጋ አለው፤ ከመሸጫው ላይ ይቀነሳል።

ሒሳቡ

ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥሮች እንውሰድ። ሙሉው ሥራ፣ ከሞተር እድሳት በላይ፣ 400,000 ብር ይፈጅ። በሚያስገኘው ተጨማሪ ጭነትና ፍጥነት ባለቤቱ በቀን 400 ብር የተጣራ ትርፍ ይጨምር። ወጪው የሚመለሰው በ1,000 የሥራ ቀን ነው። መኪናው በዓመት 250 ቀን ቢሠራ አራት ዓመት ይሆናል፤ ያውም የብድር ወለድና የዋጋ ንረት ሳይታሰብ።

“የመስከረም ሳምንትስ?” የሚል አይጠፋም። በዚያች ሳምንት ተጨማሪው ትርፍ አምስት እጥፍ፣ በቀን 2,000 ብር ቢሆን ሰባት ቀኑ 14,000 ብር ያስገኛል። ከወጪው 3.5 በመቶ ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ተብሎ የሚሠራ ሞተር የለም ማለት ነው፤ መኪናው ዓመቱን ሙሉ ሐይቅ፣ ውጫሌና ኩታበር ላይ ሥራ ካላገኘ ግሸን ብቻውን አያበላውም። በሌላ በኩል ሞተሩ አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ለቴስታታና ለፒስተን 120,000 ብር ቢያስወጣ 300 የሥራ ቀን ትርፍ ይበላል፤ ቆሞ የዋለበት ቀን ሳይቆጠር። አስተማማኝነት በዚህ ሒሳብ ውስጥ ጌጥ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው።

የሩቁን ማየትም ይገባል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም፤ ተራራው ቀረጡን አያስከፍለውም፤ ቁልቁለት ላይም ከባትሪው ካወጣው ከፊሉን ይመልሳል። የባትሪ መሙያ በየወረዳው ገና ባይደርስም ገንዘቡን ለአራት ዓመት ሱፐርቻርጀር ላይ የሚያስር ሰው ይህን ተፎካካሪ ከግምት ማስገባት አለበት።

ቁልቁለቱ

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ግሸን መውጣት ብቻ የለውም፤ መውረድም አለው። ሱፐርቻርጀር ቁልቁለት ላይ አንዳች አይረዳም። በአዲሱ ጉልበት ሁለት ኩንታል ጨምሮ የወጣ ሾፌር ያንኑ ክብደት በአሮጌው ፍሬን ይዞ ይወርዳል። ፍሬን ሲግል አቅም ያጣል። ሞተሩን ያሳደገ ሰው ፍሬኑን፣ ጎማውንና ባሌስትራውን ካላሳደገ የገዛው ጉልበት ሳይሆን አደጋ ነው። በመኪናው ላይ ያሉት ደግሞ ሻማና ስንቅ የያዙ እናቶች ናቸው። ጭነት መጫኛው ላይ ሰው መጫን በየትኛውም ሞተር ትርፍ ሊባል አይችልም።

ለገዢና ለደላላ ምክራችን አጭር ነው። መኪናው ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠሙን ይዩ፤ ለውጡን ኢንሹራንሱ ማወቁን ይጠይቁ። ኢንተርኩለሩ የት እንዳለ ያስጠቁሙ። መኪናውን ቀዝቅዞ እያለ ራስዎ ያስነሱት፤ ሻጭ አሙቆ የሚጠብቅዎት ከሆነ የሚደብቀው ነገር ይኖራል። ከዚያ ከደሴ በኩታበር አድርገው፣ ጭነት ጭነው፣ የሙቀት ቆጣሪውን እያዩ ይውጡ። ሲመለሱ ደግሞ የፍሬኑን ሽታ ያሽትቱ።

ተራራው ዋጋ አይከራከርም። ቀረጡን ያስከፍላል፤ ያልተዘጋጀውን ደግሞ ቅጣት ይጨምርበታል። ዘንድሮ “ጉልበት ጨምሩልኝ” ሊል ያሰበ ባለፒክአፕ መጀመሪያ ክዳኑን፣ ማጣሪያውንና ፍሬኑን ያሳይ። ከዚያ በኋላም ጉልበት ካነሰው ጥያቄው ከጋራዡ ይልቅ ለሒሳብ መዝገቡ ቢቀርብ ይሻላል።